ተረኛው ቴሌቪዥን

ለሾላ ማዶ ሰፈር የመብራት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ወንዳወቅ
መርሳ፣ ሰኔ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎንና ልጆችዎን በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ፣ አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው፣ ያረዘመውንም ዕድሜ በየመሐሉ እያቋረጠ እንዳይሰጥዎ፣ ሲመልስልዎም በአንዴ ለቆ እንዳያስደነግጥዎ ዱዓ በማድረግ እጀምራለሁ። የሾላ ማዶ ሰዎች ለሌላው የምንመኘው ከራሳችን ኑሮ ተነሥተን ነውና ምኞቴን በቅንነት ይቀበሉልኝ።

ዓቢዳ ረዲ እባላለሁ። እዚሁ መርሳ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ የምኖረውም በሾላ ማዶ ከእናቴ ከከድጃና ከአባቴ ከረዲ ጋር ነው። ለጽሕፈት ቤትዎ ከዚህ ቀደም ደጋግሜ ጽፌያለሁ፤ መልስ ያጣሁት በሥራዎ ብዛት እንደሆነ ስለማምን አልተቀየምኩም። ይህኛውን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ባይኖርዎ እንኳ እህሉን ይዞ መብራት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ስላለው ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ስለ መብራት መሄድ ለመክሰስ አልመጣሁም። መሄዱን ለምደነዋል፤ እንዲያውም በሄደ ሰዓት ሰፈሩ ትንሽ ይተነፍሳል። የምንፈራው የሚመጣበትን ጊዜ ነው። በሾላ ማዶ መብራት መጣ ሲባል ሰው ከግድግዳው ራቅ ይላል፤ እናቴ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ጎረቤታችን ደስታነሽ ታማትባለች፣ ከዚያም ሁላችን የሚሸት ነገር እንዳለና እንደሌለ እናሸታለን። የሰፈሩን ሰው አፍንጫ እንዲህ አድርጎ ያሠለጠነ ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሌለ ምስጋናው ለእርስዎ ብቻ ነው። አሁን ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ አመጣጡ።

መብራትዎ አንድ ጊዜ መጥቶ አይቀመጥም። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፤ ይመለሳል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ደግሞ ይመጣና አምፖሉን ዓይን እስኪወጋ ድረስ ነጭ አድርጎት ይቆያል፤ በመጨረሻ ደክሞት ወደ ቢጫ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መሐል ቴሌቪዥኑ ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። መጀመሪያ ላይ ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ አሁን ግን እናቴ ያንን ድምፅ ሲሰሙ የያዙትን አስቀምጠው ይቆማሉ።

ወልድያ ላይ ቴሌቪዥን የሚጠግንልን ሰይፈዲን ሥራውም ወሬውም የማያልቅ ሰው ነውና ሳልጠይቀው አስረድቶኛል። ቴሌቪዥን ብዙ ስለታየ ያን ያህል አያረጅም፣ የሚያስረጀው ሲጠፋ ሲነሣ መዋሉ ነው ይላል። ጠፍቶ የቆየው መሣሪያ ድንገት ሲነቃ፣ ውስጡ ያለችው ካፓሲተር የሚሏት ትንሽ ጣሳ መሰል ነገር ከአቅሟ በላይ በአንድ ጊዜ ትጎርሳለች። አንዴ ሁለቴ ትችለዋለች፤ ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ሲያጎርሷት ግን አናቷ ያብጣል፣ ያበጠውም አንድ ቀን ይፈነዳል። በዚያ ላይ መሣሪያው ሲበራ እየሞቀ፣ ሲጠፋ እየቀዘቀዘ ብየዳው ይሰነጠቃል፤ እሳቱም ከዚያ ስንጥቅ ሊነሣ ይችላል። ሌላ ቦታ ዓመታት የሚቆይ ቴሌቪዥን ሾላ ማዶ ከገባ ሁለተኛ ክረምቱን ማየቱን እንጃ ብሎኛል። የሚገባውን ኃይል የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር ብንገዛስ ብዬው ነበር፤ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን የተቃጠሉ ስታቢላይዘሮች በአገጩ አሳየኝ።

ሰይፈዲን በእርስዎ ላይ አንዳችም ቅሬታ እንደሌለው እንድገልጽለት አደራ ብሎኛል። ስምዎ ሲነሣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሱቁን ያሰፋው፣ ተጨማሪ ሠራተኛም የቀጠረው በእርስዎ ትጋት መሆኑን አይደብቅም፤ በቅርቡ የተወለደለትን ልጅ ወንዳወቅ ሊለው አስቦ ሚስቱ እንደከለከለችውም አጫውቶኛል። እሷ መርሳ ዘመድ ስላላት ጉዳዩን የምታየው በሌላ በኩል ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምክርዎ።

ጽሕፈት ቤትዎ ለንብረታችን ተጨንቆ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቴሌቪዥናችንን ከሶኬት እንድንነቅል ማስታወቂያ ለጥፎልናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ሰይፈዲን ራሱ እያዘነም ቢሆን አረጋግጦልናል። ችግሩ የእኛ አኗኗር ነው። የሰፈራችን ቦኖ ውኃ የሚሰጠው ፓምፑ ሲሠራ፣ ፓምፑም የሚሠራው መብራት ሲኖር ስለሆነ፣ መብራቱ በመጣበት ሰዓት ጀሪካን ይዞ ያልደረሰ ሰው እንደገና እስኪመጣ ድረስ ወንዝ ይወርዳል። ሰዉ ደግሞ ቀን ቀን ከሰፈሩ ሥር ባለው ማሳው ላይ ነው፣ ገበያ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይብራ አይብራ ከማሳ ሆኖ የሚያይ የለም። ስለዚህ ልማዳችን ቴሌቪዥኑን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ እንደተከፈተ ትቶ መውጣት ነበር። መብራት ሲመጣ ዜና አንባቢውም ዘፋኙም በየቤቱ ይጮሃል፣ ሰውም ሞፈሩን ጥሎ ጀሪካኑን ያነሣል። ሁላችንም ከነቀልን ማን ይጠራናል? ሬዲዮ ለምን አታደርጉም ይሉ ይሆናል። አድርገን ነበር፤ መጀመሪያ የተቃጠለው እሱ ነው።

ነገሩን እርስዎም ወደ ሰፈራችን ሲዛወሩ አባል የሆኑበት፣ እስላም ክርስቲያኑ የምንረዳዳበትና የምንቀባበርበት ቅሬያችን ተሰብስቦ መከረበት። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አማረ፣ ሁሉም ቤት ባንድ ቀን ከሚቃጠል በተራ ይሁን አሉ። ማንም አልሳቀም። መቃብር በተራ እንደምንቆፍር፣ ለቀስተኛ በተራ እንደምናበላ ሁሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ቤት ቴሌቪዥኑን እንደተከፈተ እንዲተው፣ ሌላው ሰው ምክርዎን አክብሮ እንዲነቅል ተስማማን። የዚያን ሳምንት የሚጮኸውን ተረኛው ቴሌቪዥን አልነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላስታውስዎ። መጀመሪያ የጋሽ አማረ ነበር፤ መስተዋቱ ላይ ሰማያዊ መስመር ወጣበትና ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ የነበረው በተቃራኒው ምስሉ እያለ ድምፁን አጣ፤ በዚያ ሳምንት ቦኖው ለማንም ሳይሆን ፈስሶ አለቀ። ሦስተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት ሰንብቶ ዝም አለ። ይህን ሰፈሩ ቻለው።

ከዚያ ተራው ለደስታነሽ ደረሰ። እሷ ጓሮ ልብስ እያጠበች ሳለ መብራትዎ እንደ ልማዱ ጥቂት ቀልዶ መጣ፤ ቴሌቪዥኗ ጮኸ፣ እኛም ጀሪካን ይዘን ሮጥን። ቦኖው ጋ ሳንደርስ ጩኸቱ ተቋረጠ። ዞር ስንል ከበሯ ጭስ ይወጣል። መጋረጃው አልቆ እሳቱ የኮርኒሱን ጨርቅ ሲይዝ ደረስን። በሁላችንም እጅ ያለው ጀሪካን ባዶ ስለነበር እሳቱን ያጠፋነው በልብስ ማጠቢያዋ እድፋም ውኃ ነው። ደስታነሽ እስከ ዛሬ የምታመሰግነው ፈጣሪን ነው፤ ልብስ የምታጥብበትን ቀን የመረጠው እሱ ነው ትላለች።

በማግስቱ ቅሬው ደንብ ጨመረ። ተረኛው ቤት ውስጥ እጁን ከማጥፊያው የማይለይ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት፤ መብራቱ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ሰፈሩን እንደጠራ፣ የሚሸት ነገር ካለ ሰውየው ወዲያው ያጠፋዋል። ተቀማጭ እንለዋለን።

ሦስተኛ፤ ስለ መሰላሉ።

ከደስታነሽ ቃጠሎ በኋላ ባለሙያ ልከውልናል። ባለሙያው ከምሰሶው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ፣ እኛም አብረነው ወደ ላይ አየን። ከሽቦዎቹ አንዱ፣ ኒውትራል የሚሉት መመለሻው ሽቦ፣ መጋጠሚያው ላልቶ በነፋስ እንደሚላቀቅና በተላቀቀ ቁጥር አንድ ቤት ሊሸከም ከሚችለው በላይ ኃይል እንደሚገባበት፣ አምፖላችን እንዲያ የሚነጣውም ለዚሁ እንደሆነ ነገረን። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። አሁን ይወጣና ያጠብቀዋል ብለን ስንጠብቅ፣ መሰላሉ ወልድያ መሆኑን ገልጾልን ሄደ። በኋላ ስንጠይቅ መሰላሉ ሐራ ከተማ ነው ተባልን። ከሐራም ለሌላ ሥራ መሄዱን ሰምተናል፤ ከእኛ ይልቅ ብዙ አገር አይቷል። ጋሽ አማረ የቅሬውን መሰላል አሸክመው ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ቢያመጡም፣ የውጭ መሰላል ደንብ እንደማይፈቅድ በትሕትና ተነግሯቸው ተመልሰዋል።

ሽቦው እዚያው ነው። የሰኔ ነፋስ ሲነሣ ከምሰሶው ሥር ስናልፍ ጥስ፣ ጥስ ሲል ይሰማል። ድሮ በዚያ በኩል ገበያ የሚወጡ ሰዎች አሁን በወዲያኛው መንገድ ይዞራሉ፤ ለምን እንደሚዞሩ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

አራተኛ፤ ስለ አባቴ።

ተራው ደርሶናል። ከመጪው ጁምዓ ጀምሮ ተረኛው ቴሌቪዥን የእኛ ነው።

አባቴን ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ ከጋሽ አማረ በፊት የቅሬው ዳኛ ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ አንደበታቸውም ተይዟል። እንደ ልብ ባይሆንም የሚታዘዛቸው ግራ እጃቸው ብቻ ነው። ቤታችን ሶኬት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ አልጋቸውና ቴሌቪዥኑ አብረው ናቸው። እናቴ ገበያ ይውላሉ፤ የምንኖረውም በዚያ ነው። እኔ ፈቃድ ጠይቄ የፈተና ሰሞን ነው ተብያለሁ። ስለዚህ አባቴ ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው።

እናቴ ጋሽ አማረ ዘንድ ሄደው ቤታችን እንዲታለፍ ለመኑ። ቅሬው አንድ ሰው ሳይቃወም ተቀበለ፤ ሽማግሌዎቹም ይህንኑ ሊነግሩን ቤታችን ድረስ መጡ። አባቴ ሲሰሙ ግራ እጃቸውን አንሥተው የአልጋውን ብረት መቱ። ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲነሡ ደግመው መቱ፤ ተመልሰው እስኪቀመጡም አላቆሙም። በዳኝነታቸው ዘመን ማንንም ከተራው አሳልፈው አያውቁም፤ አሁን እሳቸውን ማሳለፍ ማለት ከቆሙት ሰዎች ቁጥር ማውጣት ማለት መሆኑ ገብቷቸዋል። እሺ ተቀማጩ ማን ይሁን ሲባል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሌላ ሰው እንመድብልዎ ቢሏቸው፣ ለእርዳታ የመጣውን ሁሉ በዚያው እጃቸው በሩን አሳዩት። ለሳምንቱ ጎረቤት ቤት እንውሰድዎ ስንላቸው ደግሞ የአልጋውን ብረት ጨበጡ። ጣቶቻቸውን ላላቅቅ የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ አልቻልኩም።

ምርጫ ስናጣ ቴሌቪዥኑ የሚሰካበትን ባለ ማጥፊያ የሶኬት ማራዘሚያ፣ ዲቫይደሩን፣ በግራ እጃቸው በኩል ከፍራሹ ጎን አሰርንላቸው። መጋረጃዎቹን አውርደናል፣ የኮርኒሱን ጨርቅ ገፈናል፣ በባልዲ አሸዋ አስገብተናል። ቤቱ ራቁቱን ቀርቶ ሐዘን የተቀመጥንበት መስሏል፤ እናቴም ሲገቡ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አባቴ ቀይዋን ማጥፊያ መጫን ይለማመዳሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንዲያሳዩኝ እጠይቃቸዋለሁ። እጃቸው ከደረታቸው ተነሥቶ በብርድ ልብሱ ላይ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ መሐል ላይ ያርፋል፤ ትንሽ ይቆይና ይቀጥላል። ሲደርስ ደስ ይላቸዋል፣ እኔም ማሻአላህ እላለሁ። ነገር ግን የደስታነሽ መጋረጃ እንዴት ባለ ፍጥነት እንዳለቀ በዓይኔ አይቻለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። አማርኛ አስተማሪ ብሆንም ይህን የምልበት የተሻለ ጨዋ አባባል ፈልጌ አጥቻለሁ።

ልመናዬ ትንሽ ነው። መብራት እንዳይጠፋ አልለምንም፤ እንዲህ ያለውን የምለምን ጥጋበኛ አይደለሁም። አዲስ ትራንስፎርመርም አልጠይቅም። አንድ ሰው፣ መሰላሉ ከጉዞው ሲመለስ፣ ወጥቶ ያንን አንድ ሽቦ እንዲያጠብቀው ብቻ ነው። ይህም ከበዛ፣ መብራቱን ከመልቀቅዎ በፊት በስልክ ያሳውቁኝ። ክፍል ውስጥም ብሆን ጠመኔዬን ጥዬ እሮጣለሁ፤ ስልኬ ቻርጅ ካለው ማለቴ ነው። ሁለቱም ካልተቻለ ግን፣ በዚያ ሳምንት መብራት ጨርሶ እንዳይልኩልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ወንዝ እንወርዳለን። በመሥሪያ ቤትዎ ታሪክ እንዲህ ብሎ የለመነ ደንበኛ የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ጥያቄውም ከአቅምዎ በላይ እንደማይሆን በተግባር ደጋግመው አሳይተውናል።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ይልቁንም ላላደረጉት፣ አላህ እንደ ሥራዎ ይክፈልዎ እያልኩ፣ ጠቅላላ የሾላ ማዶን ሕዝብ፣ የጠፉትንና ያልጠፉትን ቴሌቪዥኖች፣ እንዲሁም የሰይፈዲንን ልዩ ሰላምታ ከከበረ እጅዎ አደርሳለሁ።

መብራት ሲሄድ የምታመሰግንዎ፣ ሲመጣ ወደ ቤቷ የምትሮጠው፣ ታማኝ ደንበኛዎ
ዓቢዳ ረዲ
ከሾላ ማዶ፣ መርሳ

ከፊርማዬ በኋላ፤ ቅሬው ትናንት የወሰነውን እንድጨምር ታዝዣለሁ። ከእኛ ቀጥሎ ተረኛው ቴሌቪዥን የእርስዎ ነበር። ይሁን እንጂ ቤትዎ በሌላ መስመር ስለሚበራና መብራት ጠፍቶበት ስለማያውቅ፣ ቴሌቪዥንዎ መብራት መምጣቱን ሊነግረን እንደማይችል አባላቱ ተገንዝበዋል። በቅሬያችን ደግሞ ድርሻውን በዕቃ መወጣት ያልቻለ አባል በአካሉ ይወጣል። በዚሁ መሠረት ከጁምዓ ጀምሮ በአባቴ ክፍል ተቀማጭ እንዲሆኑ ተመድበዋል። አባቴ ሌላውን ሁሉ እምቢ ቢሉም፣ የእርስዎ መምጣት ግዴታዎን መወጣት እንጂ እሳቸውን መርዳት ስላልሆነ ተስማምተዋል። ተራውን ያልተወጣ አባል በሞቱ ቀን ሬሳውን የሚያነሣለት እንደማይኖር በደንቡ ተጽፏል፤ ይህን የምጠቅሰው ደንቡን ሙሉውን እንዲያውቁት ብቻ ነው። ወንበርዎ በአልጋቸውና በቴሌቪዥኑ መሐል ተቀምጧል። ማጥፊያውንም ለእጅዎ እንዲመች ወደ ወንበሩ አስጠግተንልዎ ነበር፤ አባቴ ግን በግራ እጃቸው መልሰው ወደ ራሳቸው ስበውታል።